ከጎንደር እስከ ፋው፤ ስለ ጠመንጃ ገዢዎችና ስለ ዒላማ

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ድንበር ተሻግሮ፥ ገዳሪፍን አልፎ እስከ ፋው የሚደርሰው መንገድ ጥንታዊ የንግድ መንገድ ነው። ቡናና ሰም፥ ቆዳና በቅሎ ከደጋው ሲወርዱበት፥ ጥጥና ጨርቅ፥ ልዩ ልዩም የውጭ አገር ዕቃ ከቆላው ይወጡበት ነበር። ከእነዚህ ሸቀጦች መካከል ግን እንደ ጠመንጃ የሰውን ዕድል የለወጠ አልነበረም። ጠመንጃ አንዳንድ ጊዜ በግዢ፥ አንዳንድ ጊዜ በምርኮ፥ አንዳንድ ጊዜም በሥውር በዚህ መንገድ ወዲያና ወዲህ ተመላልሷል።

ስለዚህ ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ይህን መንገድ ይዘን እንወርዳለን። ጠመንጃ ገዢው ምን ይመረምር እንደ ነበር፥ በምን ይከፍል እንደ ነበር፥ እንዴትስ አድርጎ ይሞክር እንደ ነበር በየደረስንበት ሥፍራ እንገልጻለን። አንድ ጥያቄም ይዘን እንሄዳለን፤ ይኸውም፦ ገዢው ጠመንጃውን እንዲህ አጥብቆ ሲመረምር፥ ገዢውንስ የሚመረምረው ማነው? የሚል ነው። ሌላ ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ከደጋው እስከ ሜዳው

ከጎንደር ከተማ ስንወጣ አዘዞን፥ ቀጥሎም አይከልን እናልፋለን። ከአይከል በኋላ አገሩ እያቈለቈለ፥ ብርዱ እየቀረ፥ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። ገብሱና ጤፉ ቀርቶ ሰሊጥና ማሽላ ይተካል። ገንደ ውሃን አልፈን መተማ ዮሐንስ ስንደርስ የኢትዮጵያ ምድር ያበቃል። ከማዶ የምትታየው ከተማ ጋላባት ትባላለች። ከጋላባት ወዲያ ዶካ፥ ከዶካም ወዲያ ገዳሪፍ ትገኛለች፤ እርሷም በማሽላና በሰሊጥ ገበያዋ በሱዳን ሁሉ የታወቀች ናት። ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው አውራ ጎዳና ስንጓዝ ፋውን እናገኛለን።

ፋው በስሟ ባዕድ ብትመስለንም ውሃዋ ዘመዳችን ነው። በራሃድ የመስኖ እርሻ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ ራሃድ የሚባለውም ወንዝ በእኛ አገር ሽንፋ የምንለው ነው። እንደዚሁም አይማ ድንበሩን ሲሻገር ዲንደር ይባላል፤ ጓንግም አትባራ የሚባለውን ስም ያገኛል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን የጀመረው የራሃድ እርሻ 300,000 ፌዳን ያህል መሬት ለማጠጣት የታቀደ ነው፤ ጥጥ፥ ለውዝና ማሽላም ይበቅልበታል። ራሃድ በበጋ ስለሚደርቅ፥ መይና ከተባለው ሥፍራ የዓባይ ውሃ በሞተር እየተሳበ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቦይ ይመጣል። ዲንደርንም ከወንዙ በታች በተሠራ መተላለፊያ ሾልኮ ያልፋል። ይህን አንባቢ በልቡ ያኑርልን፤ በመጨረሻ ወደዚህ ውሃ እንመለሳለንና።

ገዢው ምን ይመረምር ነበር?

የጎንደር ሰው ጠመንጃን በስሙ ለይቶ ያውቃል። ሰናድር፥ ውጅግራ፥ ቤልጅግ፥ ምንሽር፥ አልቢን እያለ ይጠራዋል። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ የውጭ አገር ቃላት በእኛ አንደበት ለስልሰው የቀሩ ናቸው። ሰናድር ስናይደር ከሚባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ፥ ውጅግራም ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጡ ናቸው፤ ቤልጅግም የተሠራበትን አገር ያመለክታል። ሕዝቡ በፉከራውና በቀረርቶው ዘወትር ስለሚጠራቸው፥ አማርኛ የሚማር ሰው እነዚህን ስሞች ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል።

ብልህ ገዢ ወደ ጠመንጃ ገበያ ብቻውን አይወጣም፤ በተኩስ የታወቀ ዘመድ ወይም ዐዋቂ ሽማግሌ አስከትሎ ይወጣል። አስቀድሞ ሰደፉ የተሰነጠቀ ወይም በሽቦ የታሰረ እንደ ሆነ ያያል። ቀጥሎ መቀባበያውን ደጋግሞ እየሳበ ይመልሰዋል፤ የሚይዝ ወይም የሚወላገድ ከሆነ ይተወዋል። ከዚያም ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጦ በአፈ ሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን አሻግሮ ይመለከታል። ውስጡ የሚያበራ፥ ጥርሱም ጎልቶ የሚታይ ከሆነ መልካም ነው፤ የዛገና የተቦረቦረ ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል። በመጨረሻ አንድ ጥይት ገልብጦ እርሳሱን በአፈ ሙዙ በኩል ያስገባል። እርሳሱ ጠልቆ የገባ እንደ ሆነ ጠመንጃው ብዙ የተተኮሰበትና ውስጡ ያለቀ መሆኑ ይታወቃል።

ሻጩም በበኩሉ ከገዢው ያነሰ ተጠራጣሪ አይደለም። የድሮው መገበያያ ማርያ ትሬዛ የተባለው ጠገራ ብር ነበር። ይህ ብር በየትኛውም ዘመን ቢሠራ ዘወትር በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበት ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሻጩ ዓመቱን ትቶ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ይቈጥራል፤ ጐድሎ ወይም ተፍቆ ያገኘውን አይቀበልም። ገንዘቡና ጠመንጃው ከተለዋወጡም በኋላ ዋስ ይጠራል። ጠመንጃው የተሰረቀ ወይም የሰው ደም ያለበት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ይታወቅ ዘንድ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ስንመለከተው ምርመራው የሚያተኩረው በብረቱና በብሩ ላይ ነበር። ገዢው ቍጡ ይሁን ታጋሽ፥ ሰካራም ይሁን ጨዋ፥ በቀል ይፈልግ ወይም ከብቱን ይጠብቅ፥ በገበያው የሚጠይቀው አልነበረም።

ስለ ዒላማ

ከምርመራው በኋላ ፈተናው ይመጣል። ሻጭና ገዢ ከገበያው ራቅ ብለው፥ ጀርባው ጉብታ ወይም ገደል በሆነ ሥፍራ ዒላማ ያቆማሉ። ዒላማውም ነጭ ድንጋይ ወይም ቅል ሊሆን ይችላል። ለሙከራ የሚተኰሰው ጥይት ግን ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት በአያሌ የኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለመለወጫ ያገለግል እንደ ነበር በታሪክ የተመዘገበ ነው። ስለዚህ አንድ ጥይት በከንቱ መተኰስ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ ወደ ገደል እንደ መወርወር ይቈጠር ነበር። የቀድሞ ሰዎች ሳያነጣጥሩ የማይተኵሱት ከብልኅነታቸው በተጨማሪ ከዚህ ቍጠባ የተነሣ ነው ብንል አንሳሳትም።

በዛሬው ዘመን በልዩ ልዩ የውጭ አገር ከተሞች የጠመንጃ መሸጫና በጣሪያ ሥር የተሠራ የተኩስ መለማመጃ ባንድ ሕንፃ ውስጥ ይገኛሉ። በዚህ ቤት ደንበኛው የሚያጋጥመው ከድሮው ገበያ እጅግ የተለየ ነው። ሲገባ መታወቂያውን ያሳያል፤ ደንቡን አንብቦ ይፈርማል። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሚሆንና የጆሮን መስማት ለዘለቄታው ሊጐዳ ስለሚችል፥ የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር ሳያደርግ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እያንዳንዱ ተኳሽ በግድግዳ የተለየ መደብ አለው፤ የወረቀት ዒላማውም በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄድለታል። ከዒላማው በስተኋላ ጥይቱን የሚይዝ ብረት ወይም ጎማ አለ። ከጥይት የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ መርዝ ስለ ሆነ፥ ነፋሱ ከተኳሹ ጀርባ ወደ ፊት እንዲነፍስ ተደርጎ ይሠራል። ተኳሹም ሲወጣ ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ ይነገረዋል።

በዚያ ቤት አንድ ኃላፊ ቆሞ የሚጠብቀው ዒላማውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን ሰው የሚያስጠናውም አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ ጠመንጃ ሁሉ ጥይት እንደ ጐረሰ ይቈጠር። ሁለተኛ፥ ሊመቱት ወደማይፈልጉት ነገር አፈ ሙዝ አይዙር። ሦስተኛ፥ ለመተኰስ ሳይወስኑ ጣት ምላጩን አይንካ። አራተኛ፥ ዒላማውንና ከዒላማው በስተኋላ ያለውን ሳያውቁ አይተኰስ። ኃላፊው ሲናደድ ወይም ሰክሮ ያየውን ሰው ያስወጣዋል። ይዘነው የመጣነው ጥያቄ በከፊል መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው፤ እዚያ የሚመረመረው ጠመንጃው ብቻ ሳይሆን ገዢውም ነው።

መተማ፤ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ በሁለት ወገን

ወደ መንገዳችን እንመለስና መተማ እንድረስ። በዚህ ሥፍራ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦርና የሱዳን መሐዲስቶች ጦር ተዋጉ። ዐፄ ዮሐንስም በጥይት ቆስለው አረፉ፤ ከተማዪቱም እስከ ዛሬ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ስለ ጠመንጃ ገዢዎች ስንናገር ከዚህ ጦርነት የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የግብፅ ገዥ የነበረው ከዲቭ ኢስማኤል ሠራዊቱን ለማስታጠቅ ረሚንግተን ከተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ጠመንጃ ገዝቶ ነበር። ይህ ሠራዊት ኢትዮጵያን ሊወር መጥቶ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ድል ሲሆን፥ ብዙው ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። በ1876 ዓ.ም. ደግሞ ሂክስ በተባለ እንግሊዛዊ የሚመራው የግብፅ ጦር በሱዳን ሸይካን ላይ በመሐዲስቶች ሲደመሰስ፥ የዚያም ጦር ረሚንግተን ለመሐዲስቶች ሆነ። እንግዲህ በመተማ ሜዳ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ፥ በወዲህም በወዲያም በአንድ ገዢ ገንዘብ የተገዛ ጠመንጃ ነበረ። ገዢው ራሱ ግን ከሥልጣኑ ከተሻረ ወደ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ጠመንጃ የገዛውን ጌታ አያውቅም፤ ያነሣውን እጅ ይከተላል።

ዛሬ መንግሥታችን መሣሪያን በሕግ የሚገድበው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን፥ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። በመተማ መንገድ የሚያልፍ መንገደኛ በየኬላው ሲፈተሽ፥ ፍተሻው የሚያጕላላው መስሎ ሊያዝን አይገባም። ድሮ በገበያ ያልተጠየቀውን ጥያቄ፥ ማለት የገዢውን ማንነትና ዓላማ፥ ዛሬ የሚጠይቀው ሕጉ ነው።

ጋላባት፤ «ሕፃን» የተባለው ጠመንጃ

ድንበሩን ተሻግረን ጋላባት ስንደርስ አንድ የጥንት መንገደኛ ትዝ ይለናል። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ አሳሽና አዳኝ በ1853 እና በ1854 ዓ.ም. ከባለቤቱ ጋራ በአትባራና በሰቲት፥ ማለት በእኛ ተከዜ፥ ዳርቻ ተዘዋውሮ ጋላባት ከገባ በኋላ በራሃድና በዲንደር በኩል ወርዶ ካርቱም ደረሰ። ዛሬ ፋው ያለችበትን የወንዝ አገር ያየ ሰው ነው ማለት ነው።

ቤከር ስለ ጠመንጃ እጅግ የሚያውቅ ገዢ ነበር። ካሠራቸው ጠመንጃዎች አንዱ ሩብ ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ አረር የሚተኵስ ነበር። እርሱ በቀልድ «ሕፃን» ብሎ ሲጠራው፥ አብረውት የነበሩት ዐረቦች ግን «የመድፍ ልጅ» አሉት። ጠመንጃው ሲተኰስ ዝሆን ይጥላል፤ ተኳሹንም እንደ ነፋስ መመልከቻ ያሽከረክረዋል። ቤከርም ራሱ ሊተኵሰው ይፈራ እንደ ነበር በመጽሐፉ አልሸሸገም። ብርቱ ሰው የነበረ ቢሆንም የገዛው ዕቃ ከትከሻው በላይ ሆኖበት ነበር።

በዚያው አገር የሚኖሩት ሐምራን የተባሉት ዐረቦች ግን ዝሆንን ያለ ጠመንጃ ያድኑ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ሲያባብል፥ ሌላው ከኋላ ደርሶ በሰይፍ የእግሩን ጅማት ይቈርጣል። ቤከር ይህን አይቶ እጅግ አድንቋል። መሣሪያ የሰውን ችሎታ ያግዛል እንጂ አይተካም።

በዚሁ ድንበር ስለ ታደለውና ብር ስላልተከፈለበት ጠመንጃም ሳንናገር አናልፍም። ኢጣልያኖች ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጋላባትን ከያዙ በኋላ፥ የኢትዮጵያ አርበኞች ወደ ሱዳን እየወረዱ ከእንግሊዞች ጠመንጃና ጥይት እየተቀበሉ ወደ ዱራቸው ይመለሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ይህ ጠመንጃ ለምን እንደ ተያዘ ግልጽ ነበር፤ በቤትም በአደባባይም የሚመሰገነው ስለዚህ ነው። ዓላማው የታወቀ ጠመንጃ ከገበያ ለኩራት ብቻ ከተገዛ ጠመንጃ ጋራ በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

ፋው፤ ጠመንጃ ያልያዙ መንገደኞች

በመጨረሻ ፋው ደረስን። ይህች ከተማ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀችው በጥጥዋ ሳይሆን በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ድርቅ፥ ራብና ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን፥ አብዛኞቹም ከትግራይ፥ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲሰደዱ፥ በወድ ከውሊ፥ በኡም ራኩባና በፋው የስደተኞች ሠፈሮች ተቋቋሙ። እነዚህ ሰዎች በትከሻቸው ሕፃናትን እንጂ ጠመንጃን አላነገቡም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም እንደዚሁ ብዙ ሺህ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሠፈሩ።

ከዚያም መንገዱ ተገለበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ሱዳናውያን ቤተ ሰባቸውን ይዘው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደዱ፤ በኩመርም የስደተኞች ሠፈር ተከፈተላቸው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ስትወድቅ፥ ከከተማዪቱ የሸሸው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ የተጓዘበት አውራ ጎዳና ይኸው በፋው የሚያልፈው ነው። የሱዳን ጦር ወድ መደኒን መልሶ የያዘው ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስለ ስደተኞች ያወጣው ስምምነት የተፈረመው በአዲስ አበባ ጳጕሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብአዊ ሥራ መሆኑን ይናገራል፤ ስደተኛው በመሣሪያ ተጠቅሞ የሌላውን መንግሥት ጸጥታ እንዳያውክ ይከለክላል፤ ሠፈሩም በተቻለ መጠን ከድንበር እንዲርቅ ያዝዛል። እንግዲህ ጥገኝነት የሚፈልግ ሰው መሣሪያውን አስረክቦ መግባት አለበት። በበሬ ዋጋ የተገዛው፥ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የተወለወለው ጠመንጃ በዚህ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ከደጃፉ ወዲያ የሚጠየቀው ውሃ፥ እህል፥ ብርድ ልብስና ሐኪም ነው። በፋው ሜዳ የሚፈሰው ውሃ በዚህ ሰዓት ከማንኛውም ውጅግራና ምንሽር ይበልጣል።

ለቤተ ሰብ የምንሰጠው ምክር

ጠመንጃ ለመግዛት ያሰበ አባወራ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋራ ይመካከር። በሬው ተሽጦ ጠመንጃ ከተገዛ፥ በሚመጣው ክረምት ማሳውን የሚያርሰው ምንድን ነው? ችግር ሳይኖር ለኩራት ብቻ የሚገዛ መሣሪያ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ዓይነት ነው። ሕጉ የሚፈቅድለትና በቂ ምክንያት ያለው ሰው ቢሆንም፥ ፈቃዱን አስቀድሞ ያውጣ፤ አያያዙንም ከሚያውቅ ሰው ይማር።

መሣሪያ ባለበት ቤት ጠመንጃውና ጥይቱ በተለያየ ሥፍራ ይቈለፍባቸው። ሕፃናት ባዶ ነው በሚል ምክንያት እንዲጫወቱበት ከቶ አይፈቀድ፤ ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ የብዙ ቤት ሐዘን ሆኗልና። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ መተኰስም ይቅር። ወደ ላይ የወጣው ጥይት ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ ሲወርድም በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም። ያዘነና የተቈጣ ሰው ካለም፥ ቍጣው እስኪበርድ ድረስ ጠመንጃውን ሽማግሌ ወይም ዘመድ ይያዝለት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

በአስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎቻችንም የፈቃድ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፥ ከጠመንጃው ቍጥር አስቀድመው የሰውዬውን ጠባይ፥ የቤቱንም ሁኔታ ቢመረምሩ መልካም ነው። ያ ምርመራ በድሮው ገበያ ቀርቶ የነበረ ነው፤ ዛሬ በጽሕፈት ቤታቸው ይፈጸም።